«ፌሚኒስት እርዳታ» ሞተ ብላችሁ ለምትጨፍሩም፣ ለቅሶ ለተቀመጣችሁም

ረጅም ነው። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ በኋላ «የት አባቱ 2017 ደረስን» እንዳትሉኝ።

የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ካርኒ በኖቬምበር 2025 ጆሃንስበርግ ላይ፣ ከቡድን 20 ጉባኤ በኋላ ጋዜጠኛ ሲጠይቃቸው የአገራቸውን የውጭ ፖሊሲ «ፌሚኒስት» ብለው እንደማይጠሩት ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ፊድ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን እልልታውን ያቀልጠዋል። የነጭ አጀንዳ ተቀበረ፣ ቤተሰባችን ተረፈ፣ ምናምን። ሌላው ወገን፣ ብዙው ኤንጂኦ ቤት የሚሠራ፣ የተወሰነው ደግሞ እኔው ያስተማርኩት፣ ድንኳን ጥሎ ለቅሶ ተቀምጧል። እኔ እልልታውም ለቅሶውም ጋ መቀመጥ አቃተኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ላስቀይም ነው።

ከጨፋሪዎቹ ልጀምር።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ኦታዋ የተቀመጠ ሰው አይደለም ያወጣው። እሱን ተረት የሚቃወም ሰውም ከኦታዋ አልተላከልንም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፣ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ብሎም በጽሑፍ አስፍሯል። በ1957ቱ የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክስ ይቀርለት ነበር። እነዚህን የቀየራቸው ማነው? በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እና አብረውት የጮኹ ሴቶች ናቸው። ጠላፊዋን በመሣሪያ የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ይዘው ፍርድ ቤት ቆሙ፣ አስፈቱም። «ድፍረት» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ሆነ። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋ፣ ግርዛትንም ወንጀል አደረገ። ይሄ ሁሉ ሲሆን «ፌሚኒስት እርዳታ» የሚባል ፖሊሲ በዓለም ላይ አልነበረም። ስዊድን እንኳ ቃሉን የተጠቀመችው በ2014 ነው።

አሁን ደግሞ ገልብጣችሁ አንብቡት። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በፆታ እኩልነት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። ነፃ የሕግ ምክር ፍለጋ በሩን ያንኳኩ የነበሩ ሴቶች የት ሄዱ? ጠላፊው አልታገደም፣ ደብዳቢው ባል አልታገደም። አዋጁ እስከ 2019 ድረስ አስር ዓመት ሙሉ ቆየ። እናም «የውጭ ገንዘብ ሲቆም የራሳችን ሴቶች ድምፅ ይሰማል» ለምትሉ፣ ይሄን ሞክረነዋል። ገንዘቡ ሲቆም የተሰማው ዝምታ ነው። የ10 በመቶው ሕግ ሲወጣ «የአገር ውስጥ ገንዘብ እናዋጣ» ብሎ አንድ መቶ ብር የላከ ጨፋሪ ካለ ኮሜንት ላይ ስሙን ይጻፍ፣ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

እዚህ ጋ ጨርሻለሁ ከእናንተ ጋር። አሁን ወደ ለቀስተኞቹ፣ ወደ ራሴ ሰዎች።

ልጆች፣ የምታለቅሱለት ነገር በቅጡ ምን ነበር?

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ይሄን ስም ግን ያወጣው የኮሙኒኬሽን ክፍል ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ። የካናዳ «ፌሚኒስት ዓለም አቀፍ የእርዳታ ፖሊሲ» በጁን 2017 ሲወጣ ክፍል ውስጥ ሰነዱን አብረን አንብበነዋል። ጥሩ ነገር ነበረው፣ አልክድም። ድህነት ፆታ አለው አለ። ሴቶች የእርዳታ ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ ውሳኔ ሰጪ ይሁኑ አለ። አሜሪካ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ትንፍሽ ያለ ድርጅት ሳንቲም አያገኝም የሚለውን የ1984ቱን ደንብ ስትመልስ፣ ካናዳ ማርች 8 ቀን 650 ሚሊዮን ዶላር ለሥነ ተዋልዶ ጤና እሰጣለሁ አለች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሕገ ወጥ መንገድ የተደረገ ውርጃ ሴት ልጅን ምን እንደሚያደርጋት የሚያውቅ፣ ከ2005 በፊት የወረዳ ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ነርስ ጠይቁ።

ግን ገንዘቡስ? ፖሊሲው ሲወጣ አብሮት የመጣ አዲስ በጀት አልነበረም። ያው የቆየው ገንዘብ ነው በአዲስ ቋት የተቀመጠው። በዚያ ዓመት የካናዳ እርዳታ ከብሔራዊ ገቢዋ 0.26 በመቶ ነበር። የሚያናድደው ነገር፣ 0.7 በመቶ የሚለውን ዓለም አቀፍ ግብ በ1969 ያቀረበውን ኮሚሽን የመሩት የራሷ የካናዳ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰን ናቸው። ተባበሩት መንግሥታት በ1970 ተቀበለው። ካናዳ ግን አንድም ቀን ደርሳበት አታውቅም።

ከዚያ 95 በመቶው መጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከካናዳ የሁለትዮሽ የልማት እርዳታ 95 በመቶው ወይ በቀጥታ ለፆታ እኩልነት ይውላል ወይ ጉዳዩን ያካትታል ተባለ። በዚህ ቁጥር ስንት ሰው እንደተደመመ አስታውሳለሁ። ጨዋታው ያለው ግን «ወይ ያካትታል» የምትለዋ ጋ ነው። ለጋሽ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ምልክት አለ፤ ፕሮጀክቱ ለሴቶች ምንም ካላሰበ ዜሮ፣ ከሌላ ዓላማ ጋር አያይዞ ካሰበ 1፣ ዋና ዓላማው የፆታ እኩልነት ከሆነ 2 ይሰጠዋል። የዘር ማዳበሪያ ፕሮጀክት ላይ «ከሠልጣኞቹ 40 በመቶው ሴቶች ይሆናሉ» የሚል አንቀጽ ሲጨመር ዜሮው በአንድ ጀምበር 1 ይሆናል። ይሄን አንቀጽ በትርፍ ሰዓታችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ የጻፋችሁት? ሳቁ እንጂ፣ አውቃችኋለሁ! 95 በመቶው የተሞላው በዚያች 1 ነው። በቀጥታ ለፆታ እኩልነት ይውላል የተባለው ግብ 15 በመቶ ነበር፣ ከ2 በመቶ ተነስቶ። ለማያውቅ ሰው ግን ማስታወቂያው ላይ የሚጮኸው 95ቱ ነው።

ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የካናዳ ዋና ኦዲተር በማርች 2023 ባወጡት ሪፖርት ላይ፣ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያወጣው ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር የሴቶችንና የልጃገረዶችን ሕይወት እንዴት እንዳሻሻለ ማሳየት አልቻለም ብለዋል። ልብ በሉ፣ ገንዘቡ ተሰረቀ አላሉም፣ ሥራው አልተሠራም አላሉም። ማሳየት አልቻለም ነው ያሉት። አብዛኛው መለኪያ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ሰው ተደረሰ የሚል ቆጠራ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ሴትየዋ ምን ሆነች የሚለውን የጠየቀ የለም። እኛ ቤት በሥልጠና ስለሚመጣ ለውጥ ብዙ እናውቃለን። አዳራሽ፣ ብሎክኖት፣ የታሸገ ውሃ፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ። በነጋታው ያው ቢጫ ጀሪካን፣ ያው ዳገት።

እዚህ ላይ አንድ የግል ቂም ላውጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሴቶች የቁጠባ ማኅበር ፕሮፖዛል እንዳግዛቸው ጠየቁኝ። ማኅበሩ ከዕቁብ ነው የተነሳው፣ የወፍጮ ቤት ከፍተው ከትርፉ ባሏ ደብድቦ ላባረራት ሴት የሦስት ወር የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። አንብቡት እንደገና። ያለ ማንም ገንዘብ፣ ያለ ማንም ሥልጠና፣ የተደበደበችን ሴት ከደብዳቢዋ ቤት ያወጣሉ። ለጋሹን ስሙን አልጠራም፣ ጥሪው ግን ለ«ታችኛው ኅብረተሰብ የሴቶች አደረጃጀቶች» ነበር የሚለው። የሦስት ዓመት በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ጠየቀን። የሥጋት አስተዳደር ፖሊሲ ጠየቀን። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ አርባ ስምንት ገጽ ደብተር አላት፣ አንዲት ሳንቲም አትጎድልም፣ ግን አማርኛ ነው። ወደቅን። ገንዘቡ የተሰጠው ዋና ከተማ ላይ ፎቅ ለተከራየ ድርጅት ነው፤ እሱም በበኩሉ ማኅበሩን «ንዑስ ተጠቃሚ» አድርጎ ወደ ሥልጠና ጠራቸው። የገንዘብ አያያዝ ሥልጠና! ያቺን ሒሳብ ያዥ!

በፍትሐዊነት ለመናገር፣ ካናዳ ይሄን ችግር የሚነካ አንድ ፕሮግራም ነበራት። «የሴቶች ድምፅና አመራር» ይባላል፣ ለየአገሩ የሴቶች መብት ድርጅቶች ለፕሮጀክት ብቻ ሳይሆን ለደመወዝና ለቢሮ ኪራይም የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። በ2017 ሲታወቅ 150 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት ነው የተመደበለት። በዓመት 30 ሚሊዮን ማለት ነው፣ 30 ለሚደርሱ አገሮች። አካፍሉት፤ ለአንድ አገር በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ከ3.5 ቢሊዮኑ ጋር ስታስተያዩት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከፖሊሲው ውስጥ በእውነት ፌሚኒስት ነው ብዬ በልበ ሙሉነት የምከራከርለት ክፍል ይሄ ነበር፣ እሱም የሰሐኑ ጠርዝ ላይ ያለች ሚጥሚጣ ያህል።

ደግሞ የጉልበት ጉዳይ አለ፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ። የኢትዮጵያ ጤና ኤክስቴንሽን በዓለም መድረክ የሚወደስ ነው፣ ሊወደስም ይገባዋል። ከ2003 ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው፣ የመንግሥት ደመወዝ ተቆርጦላቸው በየቀበሌው ተመደቡ። የለጋሾች እጅም አለበት። ለገጠር ሴት ልጅ ደመወዝ! በራሷ ስም የሚወጣ! ከየትኛውም የአቅም ግንባታ በላይ አቅም የሚገነባው እሱ ነው። ከነሱ ስር ግን ማን ነበር? የሴቶች ልማት ሠራዊት። መንግሥት በሚሊዮን የሚቆጥራቸው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡር የሚመዘግቡ፣ ለክትባት የሚቀሰቅሱ፣ ሽንት ቤት የሚያስቆፍሩ ሴቶች። ስንት ይከፈላቸዋል? ምንም። «በጎ ፈቃደኛ» ናቸው ተባለ። ሴትየዋ ከንጋት ጀምራ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ የተረፋትን ሰዓት ነው በነፃ የምትሰጠው። ከዚያ የእናቶች ሞት ቀነሰ ተብሎ ጄኔቭ ላይ ይጨበጨባል፣ ለጋሹም ሪፖርቱ ላይ ያቺን 1 ቁጥር ይሞላል። ያልተከፈለ የሴት ጉልበት ላይ የቆመን ውጤት ፌሚኒስት ብሎ መጥራት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ሴፍቲኔትን ደግሞ ተመልከቱ። ካናዳ ለዓመታት ከደገፈቻቸው ትልልቅ ፕሮግራሞች አንዱ ነው፣ ከ2005 ጀምሮ። እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ አንቀጽ አለች። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የጉልበት ሥራው ይቀርላትና ክፍያው ይቀጥላል። ድንጋይ ሳትሸከም እህሏን ወይም ብሯን ትወስዳለች። በቃ፣ ይሄው ነው። መፈክር የለው፣ ሎጎ የለው። «ፌሚኒስት» የሚለው ስም ከመውጣቱ ዓመታት በፊት የተጻፈ የወሊድ ፈቃድ ነው፣ ያውም ለገበሬ ሴት! አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ማውራት ይቻላል፣ የአንዳንድ ቀበሌ አመራርን ግልምጫ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ግን እኔን ለጋሽ አገር ምን ያድርግ ብትሉኝ እንዲህ ያለውን ያብዛ ነው የምለው።

አሁን ወደማይወራው ልሂድ።

ካናዳ በ2014 ለሳዑዲ አረቢያ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ለመሸጥ ተዋዋለች፣ ወደ 15 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር የሚገመት ውል። የተዋዋለው የሃርፐር መንግሥት ነው፤ የመላኪያውን ፈቃድ በ2016 የፈረመው ግን ራሱን ፌሚኒስት ብሎ የሚጠራው የትሩዶ መንግሥት ነው። የየመን ጦርነት ያን ጊዜ ዓመት አልፎታል። ከዓመት በኋላ ያ ፖሊሲ ወጣ። አንዱ ሽያጭ ነው፣ ሌላው ወጪ፣ አውቃለሁ፣ በቀጥታ አይነፃፀሩም። ሆኖም ለሴቶች ማኅበራት የተመደበው 150 ሚሊዮን ከውሉ አንድ መቶኛ መሆኑን ማን ይከለክለኛል ብናገረው? በኦገስት 2018 ካናዳ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ይፈቱ ብላ ትዊት ስታደርግ ሳዑዲ አምባሳደሯን አባረረች። ንግግሩ ጥሩ ነበር። ተሽከርካሪዎቹ ግን መሄዳቸውን አላቆሙም።

ይሄ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሳዑዲ ቤት የኛ እህቶች አሉ። በከፋላ ሥርዓት፣ በአሠሪ ስም ታስረው፣ ፓስፖርታቸው በማዳም መሳቢያ ውስጥ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ተባርረው ሲመጡ ቦሌ ቆማችሁ የተቀበላችሁ አላችሁ። አእምሮዋ ተነክቶ፣ በነጠላ ጫማ የወረደችውን አይታችኋል። ለዚያች ልጅ እናት ገጠር ላይ የጀንደር ሥልጠና የሚሰጥ መንግሥትና ልጅቷን ለሚያሳድደው መንግሥት ብረት ለበስ የሚሸጥ መንግሥት አንድ ከሆነ፣ የትኛው ፖሊሲው ነው ፌሚኒስት? ካርኒም ስሙን ያወለቁት ጆሃንስበርግ ላይ ይሁን እንጂ የመጡት ከአቡዳቢ፣ ኢንቨስትመንት ሲነጋገሩ ሰንብተው ነው።

ስዊድን ቢያንስ አንድ ጊዜ ዋጋ ከፍላለች። በ2015 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ማርጎት ቫልስትሮም ሳዑዲን በሴቶች መብት ጉዳይ ስትተች፣ ካይሮ በአረብ ሊግ ልታደርገው የነበረው ንግግር ተሰረዘባት። ስዊድንም ከሳዑዲ ጋር የነበራትን የመከላከያ ስምምነት ሳታድስ ተወችው። ሳዑዲ አምባሳደሯን ጠራች፣ ለስዊድን ነጋዴዎች ቪዛ ከለከለች፣ የአገሯ ትልልቅ ከበርቴዎችም ስምምነቱ ይቀጥል ብለው ተነሱ። ያች ሰሞን «ፌሚኒስት የውጭ ፖሊሲ» የሚባል ነገር እንዳለ አመንኩ፤ ሴቶችን የሚጠቅም ነገር የራስን ኪስ ሲነካ ነው የሚታወቀው። በኦክቶበር 2022 አዲስ መንግሥት መጣና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስሙን ሰረዘው። ቆይቶ ደግሞ ከብሔራዊ ገቢዬ አንድ በመቶ እሰጣለሁ የሚለው የቆየ ቃልም ቀረ።

የሚያስፈራኝ ይሄ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ስሙ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ገንዘቡ። ካናዳም በ2025ቱ በጀት ላይ በአራት ዓመት ውስጥ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ከእርዳታ እቀንሳለሁ ብላለች፣ ያውም ካርኒ በምርጫው ጊዜ አልቀንስም ካሉ በኋላ። አሜሪካማ ዩኤስኤአይዲን ጭራሽ ዘጋችው፤ እዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ኮንትራት ሲቋረጥ አይተናል። ስለዚህ ለቀስተኞች፣ ስሙን አታልቅሱለት። ሒሳቡን ተከታተሉ። የሴፍቲኔቱ ነፍሰ ጡር ክፍያ ተቆረጠ ወይ? የወሊድ መከላከያ መርፌ ጤና ኬላው ላይ አለ ወይ? ለሴቶች ማኅበራት ደመወዝ የሚከፍለው ያ ትንሹ ፕሮግራም ይቀጥላል ወይ? መግለጫ የምታወጡ ከሆነ ስለዚህ አውጡ። ኦታዋ ያላችሁ የዳያስፖራ ልጆች ደግሞ የምክር ቤት ተወካይ አላችሁ፣ ኢሜይል አድራሻው ክፍት ነው፣ ድምፃችሁን ይፈልገዋል። ስለ አገር ፖለቲካ ፓርላማው ደጃፍ በብርድ ትሰለፋላችሁ፤ ስለ አንድ የበጀት መስመር ግን ሁለት አንቀጽ ስትጽፉ አላየሁም።

የኛን መንግሥት ደግሞ በነፃ አልለቀውም። ልማት ሠራዊቷን በነፃ ያሠራት ካናዳ አይደለችም። ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚመደበው በጀት በየወረዳው ምን ያህል እንደሆነ፣ ቢሮው ስንት ወንበር እንዳለው የሠራችሁበት ታውቃላችሁ። ለጋሽ ሲመጣ «ጀንደር» ይበዛል፣ ለጋሽ ሲሄድ ቢሮው ከሌላ ቢሮ ጋር ይጣመራል።

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ጻፈችልኝ። ኮንትራቷ በመጋቢት ያልቃል፣ ፕሮጀክቱ አይታደስም ተብላለች፣ ሲቪዋ ላይ «ጀንደር ስፔሻሊስት» የሚለውን ልተወው ወይስ ላጥፋው ትለኛለች። አታጥፊው እህቴ። ከስሩ ግን ስንት ሴት እንዳሠለጠንሽ ሳይሆን ስንት ሴት ደመወዝ፣ የመሬት ደብተር ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጇ እንዳስገባሽ ጻፊ። ሦስትም ከሆኑ ሦስት ብለሽ ጻፊ።

ኮሜንት ክፍት ነው። ተከራከሩ፣ ስድብ ግን አጠፋለሁ። ያ የ10 በመቶ ሕግ ዘመን ገንዘብ አዋጥቻለሁ የሚል ጨፋሪም ስሙን ለመጻፍ አይፈር፣ እየጠበቅኩ ነው።